አራት ሆናችሁ ሌቭል ስታሳድጉ ማንም ወደ ኋላ እንዳይቀር

ጥያቄህን ሳነብ ሳቅኩ፤ የኛን ልጆች ነገር የጻፍክ ነው የመሰለኝ። ላላነበበው ሰው ባጭሩ ነገሩ ይሄ ነው። አራት ጓደኛሞች ናችሁ፣ ማራኪ አካባቢ። ኦልድ ስኩል ሩንስኬፕ የሚባለውን፣ እንጨት እየቆረጥክ፣ ዓሣ እያጠመድክ፣ ጭራቅ እየገደልክ ደረጃ (ሌቭል) የምታሳድግበትን የኦንላይን ጌም አብራችሁ ጀመራችሁ። አንዱ ክረምቱን ሙሉ ሌሊት ሌሊት ሲጫወት ከርሞ ጥሏችሁ ሄደ። አንተና ሌላው መሃል ላይ ናችሁ። አራተኛው ደግሞ «እንጨት መቁረጥ ከሆነ እናቴ ጓሮም አለ» ብሎ ሊያቆም ነው። አንተ የምትጠይቀው ሌቭል ማሳደጉን እንዴት አብረን ደስ የሚል እናድርገው ነው።

እኔም እዚሁ ጎንደር ነኝ፣ ፒያሳ። ከሰፈር ልጆች ጋር ይሄንኑ ጌም ከጀመርን ቆየን፤ እስካሁን አልተበተንም። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ፣ ሻይህን ያዝ።

አብዛኛው ሰው «የሚደብረው መደጋገሙ ነው» ይልሃል። እኔ አልስማማም። መደጋገሙ ለጓደኛሞች ሲሳይ ነው። ጌሙ ውስጥ ድሬይኖር የሚባለው መንደር ባንክ አጠገብ ያሉት ዊሎው ዛፎች ጋ ቆመህ አንዴ ነካ ታደርጋለህ፣ ካራክተርህ ይቆርጣል፣ አንተ ታወራለህ። እጅ ሥራ ይዞ አፍ ነፃ ሲሆን ጨዋታ ይደምቃል። ሰውን የሚበትነው የሌቭል ልዩነቱ ነው። አንዱ 60 ሌላው 20 ሲሆን አብሮ የሚሠራ ነገር ይጠፋል። ከዚያ ሁሉም ለየብቻው ይሆናል፣ ለየብቻ ሲሆን ደግሞ እውነትም እንጨት መቁረጥ ብቻ ነው የሚቀረው።

ስለዚህ መጀመሪያ ሥራውን ለሁለት ክፈሉት፤ የወሬ ሥራና የዝምታ ሥራ። እንጨት፣ ዓሣ፣ ምግብ ማብሰል የወሬ ሥራ ናቸው። ቦስ (ትልልቁ ጭራቅ) እና ከበድ ያለ ክዌስት (ተልእኮ) የዝምታ ሥራ ነው። ማታ ስትገናኙ መጀመሪያ የወሬውን አድርጉ። እኛ የቴሌግራም ቮይስ ቻት ከፍተን ነው የምንጫወተው፤ ምክንያቱም የጌሙ ቻት የግዕዝ ፊደል አይቀበልም። በእንግሊዝኛ ፊደል አማርኛ ስትጽፍ ቀልዱ ሳይደርስ ዛፉ ያልቃል። ቮይሱ ላይ ደግሞ የሰው እናት «እራት ቀርቧል» ስትል ሁላችንም እንሰማለን፣ እሱም የጨዋታው አካል ሆኗል። አንዱ ሌቭል ሲጨምር ካራክተሩ ላይ ርችት ይፈነዳል። የዚያን ጊዜ የግድ እልል ማለት አለብህ። ዝም ያለ ሰው ይቀጣል፤ ቅጣቱም ለቀሪው ማታ ለሁሉም ዓሣ ማብሰል ነው።

እንጨት ቆረጣው ራሱ በ2023 ተሻሽሏል (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ፎረስትሪ የሚባል ነገር ጨመሩ። ድሮ አንዱ ግንድ ሲያገኝ ዛፉ ሊወድቅ ይችል ነበር፤ ሌላ ሰው አጠገብህ ሲመጣ ሻማ የወሰደብህ ያህል ትበሳጫለህ። አሁን ብዙ ሆናችሁ አንድ ዛፍ ስትቆርጡ ለእያንዳንዳችሁ ስውር የሌቭል ጭማሪ ይሰጣችኋል፤ በሰው አንድ፣ እስከ 10። ሰው በበዛ ቁጥር ትርፍ አለ ማለት ነው። ስለዚህ አራታችሁም አንድ ዛፍ ላይ ቁሙ፣ አትበታተኑ።

አሁን ስለ ሯጩ ጓደኛችሁ። እሱን ማውገዝ አያስፈልግም፤ ሂሳቡን አሳዩት። በዚህ ጌም ከፍተኛው ሌቭል 99 ነው፤ እዚያ ለመድረስ 13,034,431 ኤክስፒ (የልምድ ነጥብ) ያስፈልጋል። ግማሹ የት ይመስልሃል? 92 ላይ ነው! በግምት በየሰባት ሌቭሉ የሚያስፈልገው ነጥብ እጥፍ ይሆናል። ይሄ ለኋላ ቀሮች ትልቅ የምሥራች ነው። 60 ላይ ያለ ሰው ወደ 61 ለማለፍ 28,546 ኤክስፒ ይፈልጋል። ያንኑ ያህል ነጥብ ከ1 የጀመረ ሰው ቢያገኝ 37 ይደርሳል። በእርግጥ ዝቅተኛው ሰው በሰዓት የሚያገኘው ያነሰ ነው፤ ቢሆንም ክፍተቱ ከምታስቡት በቶሎ ይጠባል። ለአራተኛው ልጅ ይሄን ቁጥር አሳየው። «መቼም አልደርስባቸውም» ማለቱን ይተዋል።

ሯጩ ግን ማቆም አይችልም፣ ሱሱ ነው፣ ይገባኛል። ለሱ መፍትሔው ሁለተኛ አካውንት ነው። ዋናውን ሌሊት ሌሊት እንደፈለገ ያሩጠው። ከእናንተ ጋር ሲሆን ግን የሚገባው በሌላኛው ነው፣ ሁለተኛውን ብቻውን ሆኖ አይነካውም። ይቺ ሕግ ናት ቡድናችንን ያቆየችው። አንድ ቀን ደብቆ የገባ ከተገኘ ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል፤ የስኪሎቹ ቁጥር አይዋሽም። አራት መሆናችሁ ደግሞ ግሩፕ አይረንማን ለሚባለው የቡድን አጨዋወት ይመቻል። በ2021 የመጣ ነው፣ ከሁለት እስከ አምስት ሰው ይይዛል። ከሌላ ሰው ጋር መነገድ የለም፤ ያላችሁ እርስ በርስ ብቻ ነው፣ የጋራ ዕቃ ማስቀመጫም ይሰጣችኋል። እዚያ ውስጥ የአንዱ ሌቭል የሁላችሁም ጉዳይ ይሆናል። አንዱ ብረት ካላቀለጠ ሌላው ሰይፍ የለውም።

ከሁሉም በላይ የሠራልን ነገር ግን ወንፈል ነው። ስሙን ከገጠር ነው የወሰድነው፣ አሠራሩም ያው ነው። በሳምንት አንድ ማታ የአንድ ሰው ተራ ይሆናል። የዚያን ማታ ሁሉም የሚሠራው ለሱ ነው። ምን እንደሚፈልግ ቀድሞ ይናገራል። በሚቀጥለው ሳምንት ተራው ይዞራል።

ምሳሌ ልስጥህ፤ ድራገን ስሌየር። ነፃ ተጫዋች (የማይከፍል ሰው) ሊሠራው የሚችለው ትልቁ ክዌስት ነው፣ ለመጀመር 32 የክዌስት ነጥብ ይፈልጋል። ባለተራው ይሄን ሲመርጥ ዘንዶዋን አብረንህ እንግደልልህ ማለት አይቻልም፤ እዚያ የሚገባው ብቻውን ነው። ዝግጅቱ ግን ለአራት ሰው የሚበቃ ሥራ አለው። ወደ ዘንዶዋ ደሴት ከሚወስደው ካርታ አንዱ ቁራጭ ያለበትን በር ለመክፈት አራት ነገር ይጠይቁታል፤ የሎብስተር ወጥመድ፣ ያልተተኮሰ የሸክላ ሳህን፣ ሐርና የጠንቋዮቹ ማይንድ ቦምብ የሚባለው መጠጥ። ወደዚያ የምትወስደው መርከብ በ2,000 ብር ትገዛለች፣ የጌሙ ብር ማለቴ ነው። ግን ቀዳዳ አለባት፤ ለመጠገኛ 3 ሳንቃና 90 ምስማር። አንዱ ምስማር ይቀጠቅጣል። አንዱ ጭቃ ይቆፍርና ሳህን ይሠራል። አንዱ ካራምጃ ደሴት ወርዶ ሎብስተር ያጠምዳል፣ ያበስላል፤ ለውጊያው ስንቅ ነው። ባለተራው ላምብሪጅ ከተማ ሄዶ ከገዥው ከዱክ ሆራሺዮ የእሳት መከላከያ ጋሻውን ይቀበላል። ይቺን ጋሻ አልያዘም ማለት አመድ ሆነ ማለት ነው፤ ስለዚህ ከመግባቱ በፊት ሦስት ሰው እየጮኸ «ጋሻ! ጋሻ!» ይለዋል።

ከዚያ ዝምታ። እሱ ይገባል፣ እኛ ቮይሱ ላይ ትንፋሹን እንሰማለን። «ግማሽ ደሟ ቀረ»፣ «ሎብስተሬ እያለቀ ነው»፣ «ሦስት ቀረኝ»። ሲገድላት የሚነሳውን ጩኸት አትጠይቀኝ፣ ጎረቤት ኳስ ያለ ይመስለዋል። ሽልማቱ 18,650 ኤክስፒ በስትሬንግዝ (ጉልበት)፣ ያንኑ ያህል በዲፌንስ (መከላከል) ነው። ሩን ከሚባለው ብረት የተሠራውን የደረት ልብስም መልበስ ይፈቀድለታል። ያቺን ልብስ ለብሶ ሲወጣ ምስማሩን የቀጠቀጠው ልጅም የራሱ ያህል ይሰማዋል። አብሮ ሌቭል ማሳደግ ማለት ለኔ እዚህ ላይ ነው።

ሌሎች ጌሞች ይሄንን ችግር ራሳቸው ይፈቱታል። ጊልድ ዎርስ 2 ውስጥ ዝቅተኛ ሌቭል ያለው ሰው ሰፈር ስትሄድ ጌሙ አንተንም ዝቅ ያደርግሃል። አንድ ጭራቅ ላይ ሁለታችሁም ብትመቱ ለሁለታችሁም ይቆጠራል፣ ማዕድኑም ለየሰው የራሱ ነው። ስለዚህ ሰው ሲመጣ ደስ ይልሃል። መሠረታዊው ጌም ከ2015 ጀምሮ ነፃ ነው፤ ደህና ኮምፒውተርና ደህና ኔት ካላችሁ ሞክሩት። የኛ ሰው በስልክ ስለሆነ አልሄድንበትም። ኦልድ ስኩል ሩንስኬፕ ከ2018 ጀምሮ ስልክ ላይ አለ፤ በኮምፒውተር የጀመርከውን አካውንት በስልክህ ትቀጥላለህ።

ከወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ደግሞ አንድ ሐሳብ ሰርቀናል። በ2004 ከመውጣቱ በፊት፣ በሙከራው ጊዜ፣ ብዙ ሰዓት የተጫወተ ሰው ኤክስፒው በግማሽ ይቀነስበት ነበር። ተጫዋቹ ሁሉ ጠላው። አዘጋጆቹ ነገሩን ገለበጡት፤ አርፎ የመጣ ሰው ለተወሰነ ጊዜ ጭራቅ ሲገድል እጥፍ ያገኛል አሉ። ሂሳቡ ከሞላ ጎደል ያው ነው፣ ስሜቱ ግን ሌላ ነው። ቅጣቱ ስጦታ ሆነ። እኛም የጠፋ ልጅ ሲመለስ «የት ነበርክ?» ብለን አናፋጥጠውም። የዚያን ማታ የሚሠራውን ሥራ እሱ ይመርጣል። በኛ ከተማ ይሄ የግድ ነው። መብራት ይሄዳል፣ ኔት ይጠፋል፣ ሰው ፈተና አለበት፣ ሰው ለቅሶ ይሄዳል። የጥምቀት ሰሞን ጭራሽ የሚገባ የለም፤ ጥር 10 ማታ ኦንላይን የሆነ ልጅ ካለ ጎንደሬነቱ ይጣራ።

ኔትን ካነሳን፣ የአውሮፓ ወርልድ (ሰርቨር) ምረጡ፣ ከአሜሪካው ይሻላል። የወርልዱን ቁጥር ቀን ላይ ግሩፓችሁ ውስጥ ጻፉት፣ ማታ «የት ነህ» ሲባባሉ ግማሽ ሰዓት እንዳይሄድ። ፒንጉ (የኔቱ መዘግየት) ከፍ ባለ ቀን የዝምታ ሥራ አትጀምሩ። ዛፍ ፒንግ አይቆጥርም፣ ዘንዶ ግን ይቆጥራል። አውቶ ክሊከር የሚባል፣ በአንተ ፋንታ ራሱ የሚነካ ፕሮግራም የሚያመጣላችሁ ካለ ደግሞ እምቢ በሉት። አካውንት ያሳግዳል፤ ከዚያም በላይ እጁን ያሳረፈ ሰው ቮይሱንም ትቶ ነው የሚሄደው።

ሜምበርሺፕ (ሙሉውን ጌም የሚከፍተውን ክፍያ) እንዴት ትከፍላላችሁ ብለህ ነበር፣ የውጭ ካርድ ስለሌላችሁ። ቦንድ አለ። በጌሙ ገንዘብ ከግራንድ ኤክስቼንጅ (ከጌሙ ገበያ) ይገዛል፣ 14 ቀን ሜምበር ያደርጋል። ዋጋው ሚሊዮኖች ነው፣ ለአንድ ነፃ ተጫዋች ከባድ ነው። እኛ ዕቁብ ጣልን። በየሳምንቱ ሁሉም ያገኘውን ወርቅ ያዋጣል፣ ዕጣ የወጣለት ቦንድ ይገዛል። አዲስ ነፃ አካውንት ግን መነገድ ላይ ገደብ አለበት። ገደቡ እስኪነሳ 20 ሰዓት መጫወት፣ 10 የክዌስት ነጥብና 100 ድምር ሌቭል ያስፈልጋል። ዕቁቡን ከዚያ በኋላ ጀምሩት። ሜምበር የሆኑት ሲበዙ ዊንተርቶት የሚባል፣ በጋራ እሳት የሚነድበት ቦታ ሂዱ። ፋየርሜኪንግ (እሳት ማንደድ) ሌቭል 50 ይበቃል። 50 ያለውም 90 ያለውም አንድ እሳት ላይ ነው የሚያነዱት፣ ኤክስፒው በየሰው ሌቭል ልክ ይሰጣል። ማንም ለማንም ሸክም አይሆንም። ብርዱ ስለሚጎዳ አራት ወፍራም ልብስ መደረብ አለባችሁ፤ ጋቢ ግን የላቸውም።

እሑድ ከሰዓት በስልክ የምትጫወቱ ከሆነ አንዳንዴ በአካል ተገናኙ። ጀበና ቡና ያለበት አንድ ጥግ ይበቃል። ስልኮቹ ጠረጴዛው ላይ፣ ሁሉም ዓሣ ላይ፣ ሁለተኛው ስኒ እስኪመጣ። ቮይስ ቻቱ እንኳን አያስፈልግም።

አሁን ወደ አራተኛው ልጅ ልመለስ፣ ያስቸገራችሁ እሱ ስለሆነ። እንጨት ከጠላ እንጨት አታስቆርጡት። የቡድኑ አብሳይ አድርጉት። ሎብስተር ለማብሰል የማብሰል ሌቭል 40 ይበቃል፣ 74 እስኪደርስ ግን ማሳረሩ አይቀርም። በየማታው ከመቶው ስንቱን እንዳሳረረ ይናገር፣ እናንተ ሳቁበት፣ እሱም ይሳቅ። ሦስታችሁ ዘንዶ ለመግደል የሱን ምግብ ስትለምኑ ልጁ ይቀራል ብዬ አላስብም። የወንፈሉን የመጀመሪያ ተራም ለሱ ስጡት።