አሮጌ ስልክ ላይ ሊኑክስ ለመጫን ላሰባችሁ

ልጆች፣ ደብረ ብርሃን ውስጥ ስልክ ስጠግን የሸበትኩ ሰው ነኝ። ሰሞኑን ከዩኒቨርሲቲ የሚመጡ ልጆች "ጋሼ፣ እዚህ አሮጌ ስልክ ላይ ሊኑክስ ይጭኑልናል?" ይሉኛል። መልሴ ሁሌም ጥያቄ ነው፦ ምን ሊሠራላችሁ?

ሊኑክስ እንደ ዊንዶውስ ማሽኑን የሚያንቀሳቅስ ነፃ ሲስተም ነው። አንድሮይድም ከሥሩ ያው የሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም የሲስተሙ እምብርት ነው። እናንተ የምትፈልጉት ግን እንደ ፖስትማርኬትኦኤስ ወይም እንደ ኡቡንቱ ተች ያለውን ነው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2017 የተጀመረ ሲሆን፣ አምራቹ ማደስ ላቆመለት ስልክ ዕድሜ ለመጨመር የታሰበ ነው። ሁለተኛውን ካኖኒካል የሚባል ኩባንያ ቀደም ብሎ ጀምሮት ነበር፤ በ2017 ግን ተወው። ዩቢፖርትስ የሚባሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው አንስተው ያቆዩት።

ላፕቶፕ ላይ አንድ ፍላሽ ሰክታችሁ የፈለጋችሁትን ሊኑክስ ትጭናላችሁ። ስልክ ላይ ይህ አይሠራም። ኮምፒውተር ሲነሳ ውስጡ ምን ምን ዕቃ እንዳለ ለሲስተሙ ይነግረዋል፤ ስልክ ግን በአብዛኛው ዝም ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሞዴል አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ስክሪኑ የት እንደተገናኘ፣ ዋይፋዩ በምን እንደሚነሳ መጻፍ አለበት። እጃችን ላይ የሚበዙት ርካሽ ስልኮች ይህን የሚሠራላቸው ሰው ብዙም አላገኙም። እንግዲህ የስልኩ ስም ብቻ አይበቃም። ጋላክሲ ኤስ4 ብላችሁ ብትመጡ፣ ጂቲ-አይ9500 እና ጂቲ-አይ9505 ፕሮሰሰራቸው ለየቅል ነው። የአንዱን ፋይል በሌላው ላይ የጫነ ስልኩን ሊገድለው ይችላል። ሙሉ የሞዴል ቁጥሩን ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ እዩ፣ ከዚያ የመረጣችሁት ሲስተም በሚደግፋቸው ስልኮች ዝርዝር ውስጥ ፈልጉት። ከሌለ ተዉት። እልህ እዚህ ጋ አይጠቅምም።

ሌላ ሲስተም ለመጫን መጀመሪያ ቡትሎደሩ፣ ማለትም ስልኩ ሲበራ ሲስተሙን የሚያስነሳው ፕሮግራም፣ ከቁልፉ መከፈት አለበት። ሲከፈት አብዛኛውን ጊዜ ስልኩ ላይ ያለው በሙሉ ይጠፋል። የሟች አያት ፎቶ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ምንም አይቀርም። ቀድማችሁ ገልብጡ። ጀርባው ያበጠ ባትሪ ካለው ደግሞ ጭራሽ አትጀምሩ፤ መጀመሪያ ባትሪው ይቀየር። በእኛ አገር በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ያረጀ ባትሪ መቶኛው ገና ሠላሳ ሲል ድንገት ሊጠፋ ይችላል። አዲሱ ሲስተም ስልኩ ላይ እየተጫነ ሳለ ቢጠፋ ምን እንደሚከተል አስቡት።

ደግሞ አትታለሉ፤ ካሜራው ላይሠራ ይችላል፣ በአንዳንዱ ስልክ ጥሪም ያስቸግራል። የቴሌብር አፕም የተጻፈው ለአንድሮይድና ለአይፎን እንጂ ለእነዚህ አይደለም። እናታችሁ ከመንዝ የምትደውልላችሁ በዚያ ስልክ ከሆነ እባካችሁ አትንኩት።

ታዲያ ምን ይጠቅማል? ብዙ! ተርሚናል ከፍታችሁ ትእዛዝ መጻፍ፣ ከሌላ ማሽን በኤስኤስኤች (ከርቀት ገብቶ ማዘዣ መንገድ) መግባት፣ ለሌሎች ማሽኖች መረጃ የሚያድል ትንሽ ሰርቨር ማስነሳት ትለማመዱበታላችሁ። ለኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ መሳቢያ ውስጥ የተኛ ስልክ የራሱ ላቦራቶሪ ነው ማለት ነው። እኔ ከሁሉም የምወደው ኪዊክስን ነው፤ ዊኪፔዲያን ያለ ኔት የሚያስነብብ ፕሮግራም ነው። የአማርኛውን ዊኪፔዲያ አንዴ አውርዳችሁ ታስቀምጣላችሁ፣ ስልኩ በዋይፋይ ለሌሎች ስልኮች ያድላል። ኔት አያስፈልገውም። ኔት ለሚቆራረጥበት የገጠር ትምህርት ቤት ይህን አንድ ልጅ ቢሠራ ደስ ይለኛል። ብቻ ቀን ከሌት ቻርጀር ላይ የተሰካ ባትሪ ሊያብጥ ስለሚችል አልፎ አልፎ ጀርባውን እዩት።

ሥራውን ዴስክቶፕ ላይ ሳይሆን ባትሪው በሞላ ላፕቶፕ ላይ ጀምሩ። መብራቱን ታውቁታላችሁ። ዳታ ኬብሉም ደህና ይሁን፤ "ስልኩ አልታይ አለ" ብለው ከሚመጡት ብዙዎቹ የያዙት ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ኬብል ነው።