ማስቲሹ በሳምንቱ የሚለቀው ለምንድን ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከሰሜን ሸዋ ከደረሱን ደብዳቤዎች በርከት ያሉት ስለ ጫማ ናቸው። አዲስ ጫማ እንዲህ በተወደደበት ጊዜ አያስገርምም። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የቆዳ ጫማዬ ከፊት በኩል አፉን ከፈተ። ማስቲሽ ገዝቼ ሁለት ጊዜ ለጠፍኩት፤ ሁለቱንም ጊዜ ሳምንት አልሞላውም። በሱፐር ግሉም ሞከርኩ፤ እሱ ጭራሽ ደርቆ ተሰነጠቀ። የተበላሸ ማስቲሽ ሸጠውልኝ ይሆን? (መምህር፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ማስቲሹ ደኅና ሳይሆን አይቀርም። ቤት ውስጥ የተለጠፈ ጫማ ቶሎ የሚለቀው አብዛኛውን ጊዜ ከሥር ባለው አሮጌ ማስቲሽ፣ አቧራና ቅባት ምክንያት ነው። አዲሱ ማስቲሽ ያንን ቆሻሻ ይይዛል፤ ቆሻሻው ሲነሳ አብሮት ይነሳል። እርስዎም ሁለተኛውን ጊዜ የለጠፉት በመጀመሪያው ላይ ደርበው ይመስለናል።

መጀመሪያ የላላውን ክፍል ጠንክሮ እስከያዘበት ድረስ ይክፈቱት። ግማሽ የያዘ ቦታ ከተዉ ነገ የሚከፈተው ከዚያ ነው። አሮጌውን ማስቲሽ በደነዘ ቢላ ይፋቁ፤ ቀጥሎ ቆዳውንም ሶሉንም 60 ወይም 80 ቁጥር በሆነ ሻካራ የብርጭቆ ወረቀት ይፈግፍጉ። የሚያብረቀርቅ ነገር መቅረት የለበትም፤ ቆዳው ለስላሳ ልባሱ ተነስቶ ጭረት ጭረት ማለት አለበት። ፍግፈጋው ከሶሉ ጠርዝ አልፎ እንዳይታይ ግን መስመሩን አስቀድመው በእርሳስ ያስምሩ። አቧራውን በብሩሽ ያራግፉ፤ በአፍ እፍ ማለት እርጥበት ይጨምራል። በመጨረሻም ቤንዚን በነካ ጨርቅ ጠርገው 10 ደቂቃ ያናፍሱት። ቀለም ሲቀባ የኖረ ቆዳ ላይ ይህ ጥርጊያ አይታለፍም፤ የጫማ ቀለም ውስጥ ሰም አለ።

ማስቲሹን በሁለቱም ፊት በስሱ ይቀቡ፤ አንዱን ፊት ብቻ መቀባት አይሆንም። የመጀመሪያውን ቅብ ቆዳው ይጠጣዋል፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ይድገሙት። ከዚያ መታገስ ነው። በጣትዎ ጀርባ ሲነኩት ያዝ አድርጎ፣ ግን ክር ሳያወጣ ሲለቅ ደርሷል። እንደ አየሩ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይፈጃል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ወይ ገና እርጥብ ሳለ ይገጥመዋል፣ ወይ ይጠነክራል ብሎ ወፍራም ይለቀልቃል። ወፍራሙ ላዩ ይደርቅና የውስጡ ፈሳሽ ታፍኖ ይቀራል፤ ለቀናት እንደ ማስቲካ ይለጠጣል።

ደብረ ብርሃን ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የጧትና የማታው ብርድ ለዚህ ሥራ አይመችም። ማስቲሽ ሲተን የተቀባውን ፊት ያቀዘቅዘዋል፤ አየሩ ጉም የያዘ ከሆነ ቅቡ ላይ ዓይን የማያየው ጤዛ ይቋጥራል። ላዩ ነጣ ካለ እርጥበት ገብቶታልና አይገጥሙት፤ ሙቀት እስኪያገኝ ቆይተው አንድ ስስ ቅብ ይጨምሩ። ከጠዋቱ 5 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ጫማውን ግማሽ ሰዓት ፀሐይ አሙቀው ቢሠሩ ይሻላል። ከሰል ምድጃ አጠገብ ማሞቅ ግን ፈጽሞ አይሞከርም። የማስቲሽ ትነት እሳት ይስባል፤ ቤት ዘግተው ከሠሩበትም ራስ ያዞራል። ቆርቆሮውን ልጅ ከማይደርስበት ያኑሩ።

ሲገጥሙ ከአንድ ጫፍ ጀምረው አየሩን እያስወጡ ይሂዱ፤ አንዴ ከተነካካ ማንሸራተት የለም። ማስቲሽን የሚያጠብቀው ግፊት ነው። ጫማውን በጨርቅ ጠቅጥቀው በመዶሻ ከመሐል ወደ ጠርዝ ይቀጥቅጡ፤ ከዚያ ከአሮጌ ካላማዳሪ 3 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ጥብጣብ ቆርጠው ወጥረው ይጠምጥሙበት። 24 ሰዓት ሳይሞላው አይጫሙት።

ጣት በሚታጠፍበት ቦታ የሚከፈት ጫማ ግን በማስቲሽ ብቻ አይዘልቅም፤ መሰፋት አለበት። ማስቲሹ ካደረ በኋላ ከሶሉ ጠርዝ 5 ሚሊሜትር ገባ ብለው በምላጭ 1 ሚሊሜትር የጠለቀ ቦይ ያውጡ። ክሩ ቦዩ ውስጥ ካልተኛ መሬት ይበላዋል። በየ5 ሚሊሜትሩ በወስፌ ይብሱ፤ የናይለን ክር በሰም አሽተው በሁለቱ ጫፍ ሁለት መርፌ ይሰኩና በእያንዳንዱ ቀዳዳ ከላይም ከታችም ያሳልፉ። እንዲህ የተሰፋ፣ አንዱ ክር ቢበጠስ ሌላው ይይዘዋል። 10 ሳንቲሜትር ለመስፋት ከ1 ሜትር የማያንስ ክር ይያዙ። አፍንጫው ጋ እጅ አልገባ ካለ መንጠቆ ያለው ወስፌ ያስፈልጋል፤ እሱን ለጫማ ሰፊ ቢሰጡት ያዋጣል።

ሱፐር ግሉ ሲደርቅ ግትር ስለሚሆን በሚታጠፍ ቦታ ላይ ከመሰንጠቅ ሌላ ዕድል የለውም። ጥጥ ነክ ጨርቅ ላይ ሲፈስም ድንገት ይግላል፤ እጅ ያቃጥላል።

ጥያቄ፦ የጫማዬ ታኮ በውጭ በኩል ብቻ ያልቃል፤ ስራመድ ያጋድለኛል። በአሮጌ ጎማ ልሙላው? (ነጋዴ፣ ከሸዋ ሮቢት)

መልስ፦ ይቻላል፤ የጎማው ዓይነት ግን ይለያያል። የዛሬ የመኪና ጎማ መርገጫው ሥር የብረት ሽቦ አለው፤ ለቢላም ለእግርም አስቸጋሪ ነው። ሽቦ የሌለው የባጃጅ ጎማ ይፈልጉ። ሲቆርጡ ቢላውን የሳሙና ውሃ ያስነኩት፤ ጎማው ሳይዝዎት ይቆረጣል።

ያለቀውን ጥግ ብቻ በሽብልቅ መሙላት አይሁን። ስሱ ጫፍ መጀመሪያ ይነሳል። የታኮውን ሥር ተዳፋቱ እስኪጠፋ በመጋዝ አስተካክለው ይቁረጡ፤ ከሌላኛው ጫማም ያንኑ ያህል ይቀንሱ፤ አለበለዚያ ከማጋደል ወደ ማነከስ ይዛወራሉ። የጎማው የመርገጫ ጥርስ ተከርክሞ ሁለቱም ፊት ጠፍጣፋ ይሁን፤ 8 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ይበቃል። ለመምህሩ እንደጻፍነው ፈግፍገው ማስቲሽ ይቀቡ። በሸዋ ሮቢት ሙቀት ግን ቶሎ ስለሚደርቅ ከ5 ደቂቃ ጀምሮ በጣት ይሞክሩት።

ከዚያ ከ5 እስከ 7 ሚስማር፣ ከጠርዝ 8 ሚሊሜትር ገባ ብሎ። የሚስማሩ ርዝመት ከጎማውና ከታኮው ድምር ውፍረት ቢያንስ 5 ሚሊሜትር ማነስ አለበት። ጭንቅላቱን በሌላ ሚስማር ጫፍ እየመቱ ከጎማው ወለል 2 ሚሊሜትር ያስምጡት፤ አለበለዚያ ሴራሚክ ላይ ያንሸራትታል። ሲጨርሱ እጅዎን ከትተው ውስጡን በጣት ይዳስሱ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ርካሽ ጫማ ታኮው ብዙውን ጊዜ ውስጡ ክፍት ነው። በመጋዝ ሲቆርጡት የንብ እንጀራ የሚመስል ባዶ ካገኙ ሚስማር የሚይዝበት የለም፤ ባዶውን በጎማ ቁራጭና በማስቲሽ ሞልተው አንድ ቀን ካቆዩ በኋላ ይቀጥሉ።

ጥያቄ፦ ለበዓል ብቻ የምጫማው ጫማ ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ሶሉ እየተፈረፈረ ነው። ማስቲሽ ይይዘዋል? (ከመሐል ሜዳ)

መልስ፦ አይይዘውም። ሶሉ ፖሊዩሬታን ከሚባለው ቀላል ስፖንጅ መሰል ነገር የተሠራ ነው። አየር ውስጥ ያለ እርጥበት ባይለበስም ዓመት በዓመት ይሰባብረዋል፤ በፕላስቲክ ከረጢት ታፍኖ ሲቀመጥ ደግሞ ይብስበታል። ጥፍር ሲጫኑት የሚፈርስ ከሆነ ማስቲሽ አያባክኑ። የላዩ ቆዳ ደኅና ከሆነ ሙሉ ሶል ማስቀየር ነው፤ ፍርፋሪውን እስከ ቆዳው ድረስ ጨርሶ እንዲያነሳው ለጫማ ሰፊው ይንገሩት።

ጥያቄ፦ የልጆቼ የቆዳ ጫማ በክረምት የእነዋሪ መረሬ ተለጥፎበት ረጥቦ ይመጣል። ምድጃ ዳር ሳደርቀው ግትር ብሎ ይሰነጠቃል። ምን ላድርግ? (የሦስት ልጆች እናት)

መልስ፦ እህታችን፣ ጫማውን የጎዳው ምድጃው ነው። እርጥብ ቆዳ ከደረቁ ይልቅ ሙቀት ይፈራል፤ ይኮማተርና ይጠነክራል። ጭቃውን ሳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ ያንሱ፣ ማሰሪያውንና የውስጥ ሶሉን ያውጡ፣ ጋዜጣ ጠቅጥቀው ነፋስ በሚገባበት ጥላ ያስቀምጡ። ጋዜጣው መጀመሪያ ላይ በየሰዓቱ፣ በኋላ ማታና ጧት ይቀየር። ሁለት ቀን ሊፈጅ ይችላል፤ ስለዚህ በክረምት ትርፍ ጫማ ካለ ማፈራረቁ ነው የሚሻለው።

ውሃ እንዳይገባው 50 ግራም የንብ ሰምና 100 ግራም ቫዝሊን በጣሳ አድርገው፣ ጣሳውን የሞቀ ውሃ ባለበት ድስት ውስጥ አቁመው ያቅልጡ። በቀጥታ እሳት ላይ አይጣዱት። በደንብ በደረቀ ጫማ ላይ ለብ እንዳለ በጨርቅ ያሹት፤ ስፌቱና ሶሉ ከቆዳው የሚገናኝበት ጠርዝ በተለይ ይጥገብ። አድሮ ትርፉ ይጠረጋል። ቆዳውን ትንሽ ያጠቁረዋል፤ ጸጉራም ቆዳ ላይ ግን አይቀባም። የሚለጠፍ ጫማ ካለ መጀመሪያ ይለጠፍ፤ ሰም የጠጣ ቆዳ ማስቲሽ አይቀበልም። ቅቤም ያለሰልሳል፤ ግን ሰንብቶ ይሸታል፣ አይጥም ይወደዋል። የተሰነጠቀው አይመለስም፤ ግትር ያለውን ብቻ ይህንኑ ቅባት እያሹ ቀስ በቀስ ማላላት ይቻላል።

ጥያቄ፦ ኮንጎ ጫማዬ ጎኑ ተቀደደ፤ ማስቲሽ እንቢ አለው። (የ8ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከአንኮበር)

መልስ፦ ፕላስቲኩን የሚያለሰልሰው ቅባት ቀስ እያለ ወጥቶ ማስቲሹን ስለሚያሟሽሸው ነው። ይህ በሙቀት ነው የሚጠገነው። በሳሙና አጥበህ አድርቀው። ከሌላ አሮጌ ኮንጎ ከስንጥቁ በየጎኑ 1 ሳንቲሜትር የሚተርፍ ቁራጭ ቆርጠህ አዘጋጅ። አሮጌ ቢላ አግለህ በቁራጩና በጫማው መካከል አስገባ፤ ሁለቱም ፊት ሲቀልጥ ቢላውን ስበህ አውጣና ወዲያው በእንጨት ተጫነው፤ እስኪበርድ አትልቀቀው። ቢላው እስኪቀላ አይጋል፤ ፕላስቲኩ ከጠቆረና ከጨሰ ተቃጥሏል፣ አይያያዝም። ጭሱ ሳንባ ስለሚጎዳ ደጅ ወጥተህ፣ ነፋሱን ከጀርባህ አድርገህ ሥራ፤ ቢላውን የሚይዝልህ ትልቅ ሰው ይኑር።