የበረንዳዬ መስታወት ይነቃነቃል

ጥያቄ፦ አዲሱን ቤታችንን ጨርሰን ልንገባ ነው። በረንዳው ላይ የመስታወት ሀንድሬል አስገጥመናል። መስታወቱ የቆመው በአጫጭር የብረት እግሮች ነው፤ እግሮቹ ደግሞ ሴራሚኩ ላይ በብሎን ታስረዋል። ሲነኩት ይነቃነቃል። ገጣሚዎቹ «ብሎኑን ጠበቅ አድርገን ዙሪያውን ሲሊኮን እንሞላዋለን» ይላሉ። አንዱ መስታወት ደግሞ ከሌሎቹ 1 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሏል። እሱንም በግራይንደር እንቀንሰው ብለዋል። እሺ ልበላቸው?

መልስ፦ እህቴ፣ ለሁለቱም እሺ አይበሉ። እስኪስተካከል ድረስም የበረንዳው በር ይቆለፍ።

መጀመሪያ የሚነቃነቀው ምኑ እንደሆነ እንለይ። አንድ ሰው የመስታወቱን የላይ ጠርዝ ይዞ ወደ ውስጥ ሳብ፣ ለቀቅ ያድርግ። ወደ ውጭ እንዳይገፋ። እርስዎ በርከክ ብለው ጣትዎን የብረቱ እግር ከሴራሚኩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ያኑሩ። እግሩ ጸጥ ብሎ መስታወቱ ብቻ ከላይ ትንሽ ቢለመጥ አይደንግጡ፤ መስታወት ይለመጣል። መስታወቱ እግሩ ውስጥ እየተጫወተ ከሆነ ችግሩ የጎማው ወይም የማጥበቂያው ነው፤ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። እግሩ ራሱ ከሴራሚኩ ብድግ ሲል ጣትዎ ከተሰማው ግን ብሎኑ የያዘው ነገር የለም ማለት ነው።

ከጻፉልኝ ስነሳ የእርስዎ ይሄኛው ይመስለኛል። መስታወቱን አስነስተው አንድ ብሎን ያስወጡና ይለኩት። 10 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። የእግሩ ብረትና ዳዶው 2 ይወስዳሉ። ሴራሚኩ ከነማጣበቂያው 2። ከሥሩ ያለው ሊሾ 5። ስንት ቀረ? ሶሌታው፣ ማለትም ዋናው የኮንክሪት ወለል ውስጥ የገባው 1 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው! ሊሾ ደግሞ ሴራሚክ ይሸከም እንደሆነ እንጂ ብሎን አይዝም።

ጉልበቱንም ያስቡት። መስታወቱ 1 ሜትር ቁመት ካለው እንደ ረጅም ዲጂኖ ነው የሚሠራው። ብሎኖቹ ከእግሩ ማዶ ጠርዝ 8 ሴንቲ ሜትር ቢርቁ፣ አንድ ሰው ከላይ በ50 ኪሎ ሲደገፈው ብሎኖቹን ወደ ላይ የሚነቅላቸው ኃይል ከ600 ኪሎ ያልፋል። እዚህ ላይ ሲሊኮን ምን ያደርጋል? ንቅናቄውን ለጥቂት ጊዜ ይደብቃል፣ አለቀ። ብሎኑን ማጥበቅማ ሊሾውን ይበልጥ ይፈረፍረዋል።

እንግዲህ መድኃኒቱ አድካሚ ነው። በየእግሩ ሥር ሴራሚኩና ሊሾው ተቆርጦ ሶሌታው ይውጣ። ጥርስ ያለው ረዘም ያለ ዘንግ በማጣበቂያ ኬሚካል ይተከል፤ ጥልቀቱ የኬሚካሉ አምራች በጻፈው ልክ ይሁን። ተወጥሮ የሚይዘውን ፊሸር እዚህ አልመክርም። ቦታው ለበረንዳው ጠርዝ ቅርብ ስለሆነ ሲጠብቅ ኮንክሪቱን ሊሰነጥቀው ይችላል። የተቆረጠው ቦታ በማይኮማተር ግራውት (የሲሚንቶ ሙሌት) ይሞላ። ከሊሾው ሥር ውሃ መከላከያ ከነበረም መቆረጡ ስለማይቀር መልሰው ያስጠግኑት፤ አለዚያ በሚቀጥለው ክረምት ከታች ያለው ጣሪያ ይነግርዎታል።

ቀዳዳው ሲበሳ ከገጣሚዎቹ አጠገብ ይቁሙ። አቧራው በአየር ይነፋ፣ በብሩሽ ይታሽ፣ እንደገና ይነፋ። እኔ ጀማሪ ሳለሁ ችኮላ ይዞኝ ሳልነፋ ሞላሁ። በነጋታው ዘንጉ እንደ ካሮት ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ፤ ኬሚካሉ የያዘው አቧራውን ነበር። ከዚያ በኋላ ኬሚካሉ እስኪደርቅ የተጻፈለትን ሰዓት ይጠብቁ። ሲበርድ ይቆያል።

ወደ ረጅሙ መስታወት ስንመጣ፣ ቴምፐርድ (በእሳት ግሎ የጠነከረ) ከሆነ አይቆረጥም፣ አይበሳም። ግራይንደር ሲነካው እንደ በረዶ ጠጠር ይበታተናል። መቆረጥም መበሳትም የነበረበት እሳት ሳይገባ ነው። እግረ መንገድዎን ጠርዙን ከላይ ይመልከቱት፤ መሐሉ ላይ ቀጭን መስመር ካለ ሁለት መስታወት የተጣበቀበት ላሚኔትድ ነው። ለበረንዳ የምወደው እሱን ነው፤ ቢሰበርም ተያይዞ ይቆያል።

ደግሞ መስታወቱ ረጅም ላይሆን ይችላል። በረንዳ ለውሃ መውረጃ ዘንበል ተደርጎ ነው የሚሠራው፤ እግሮቹ ያንን ተከትለው ከተተከሉ አንዱ ከፍ ማለቱ አይገርምም። ስለዚህ መስታወቶቹን በሜትር ይለኩ። እኩል ከሆኑ፣ እግሮቹ እንደገና ሲተከሉ ሁሉም በአንድ ውሃ ልክ ይቀመጡ፤ ያቺ 1 ሴንቲ ሜትር እዚያው ትጠፋለች። እኩል ካልሆኑ ግን ወጪው በለካው ሰው ላይ ነው።