የፊዚክስ የቤት ሥራ፦ ኮምፖነንት፣ ወርክ (ሥራ) እና ፍሪክሽን (ሰበቃ) (የተማሪዎች ግሩፕ ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦ ቲቸር፣ «ከሰሜን ወደ ምሥራቅ 37 ዲግሪ፣ 5 ኪሎ ሜትር ተጓዘች» ይላል። ኤክስ ኮምፖነንቱን (ወደ ምሥራቅ የሄደችውን ድርሻ) በኮሳይን ሠርቼ 4 አገኘሁ፤ መልሱ 3 ነው ይላል።

መልስ፦ መልሱ ልክ ነው። አንግሉ የተለካው ከሰሜን ስለሆነ ኮሳይን ለሰሜኑ ነው፦ 5 × 0.8 = 4። ለምሥራቁ ሳይን፦ 5 × 0.6 = 3። «ኤክስ ሁሌ ኮሳይን ነው» ብላችሁ አትሸምድዱ። መጀመሪያ ሥዕሉን ሣሉ።

ጥያቄ፦ ጂ (የመሬት ስበት አክስለሬሽን) 9.8 ነው 10?

መልስ፦ ጥያቄው የሰጠህን።

ጥያቄ፦ 20 ኪሎ ሳጥን ከወለሉ 37 ዲግሪ ከፍ ባለ ገመድ በ100 ኒውተን ተጎትቶ 5 ሜትር ሄደ። ሚዩ (የፍሪክሽኑ ኮፊሸንት) 0.25፣ ጂ 10። የፍሪክሽኑ ወርክ −250 ጁል አይደለም?

መልስ፦ ይቺን በደንብ ላስረዳ፤ ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። 250 የመጣብህ ኖርማል ፎርሱን (ወለሉ ሳጥኑን ወደ ላይ የሚገፋበትን) ከክብደቱ እኩል 200 አድርገህ ነው። ገመዱ ግን ሳጥኑን ወደ ፊት ብቻ አይስበውም፤ በ100 × 0.6 = 60 ኒውተን ወደ ላይም ያነሣዋል። ለወለሉ የሚቀረው 140 ነው። ፍሪክሽኑ 0.25 × 140 = 35 ኒውተን፣ ወርኩ −175 ጁል። የገመዱ ወርክ 100 × 0.8 × 5 = 400፤ ኔቱ (ድምሩ) 225 ጁል።

አሁን ያንኑ 100 ኒውተን ከኋላ ሆነህ በ37 ዲግሪ ወደ ታች ግፋበት። ኖርማሉ 260፣ ፍሪክሽኑ 65፣ ኔት ወርኩ 75 ጁል ብቻ ይሆናል። ፎርሱም መንገዱም ያው ነው፤ የተለወጠው የ60ዋ ኒውተን አቅጣጫ ነው። ሥዕሉን ሣሉ የምለው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ፍሪክሽን አልገባኝም።

መልስ፦ ምኑ? ጥያቄውን ከነቁጥሩ፣ የሞከርከውንም ጨምረህ ጻፍ።

ጥያቄ፦ ፍሪክሽንን ሚዩ ኤም ጂ (ሚዩ × ማስ × ጂ) ብዬ ብሠራስ?

መልስ፦ አሁን መለስኩት እኮ! ወለሉ አግድም ሆኖ፣ ወደ ላይ የሚስብ ወይም ወደ ታች የሚጫን ሌላ ፎርስ ከሌለ ብቻ። ከላይ ያለውን አንብብ።

ጥያቄ፦ የፍሪክሽን ወርክ ሁሌ ኔጌቲቭ ነው አይደል?

አንድ አባል፦ አዎ፣ እንቅስቃሴን ስለሚቃወም።

ሌላ አባል፦ ስታቲክ ከሆነ (የተነካኩት ነገሮች ካልተንሸራተቱ) ግን ዜሮ ነው፤ እኛ የተማርነው እንደዚያ ነው።

መልስ፦ ሁለታችሁም አላገኛችሁትም። አይሱዙ ላይ የተጫነ ጆንያ አስቡ። መኪናው ሲነሣ፣ ጆንያው ሳይንሸራተት አብሮ ከፈጠነ፣ ወደ ፊት የገፋው ምንድን ነው? የጭነቱ ወለል ስታቲክ ፍሪክሽን ነው። ከመሬት ሆነን ስናየው ጆንያው የሄደውም ወደ ፊት ስለሆነ ወርኩ ፖዘቲቭ ነው። ፍሪክሽን የሚቃወመው የተነካኩት ሁለት ነገሮች አንዱ በሌላው ላይ መንሸራተቱን ነው፤ እንቅስቃሴን ሁሉ አይደለም። ዜሮ የሚሆንበትም አለ፦ ስንራመድ ጫማችን መሬት የነካበት ቦታ ስለማይንቀሳቀስ መሬቱ ወርክ አይሠራብንም።

ሌላው አባል፦ ታዲያ እንስራ ተሸክማ ሜዳ ላይ የምትሄድ ሴትም ወርክ አልሠራችም ልትለን ነው? ላቧ ይንጠፈጠፋል እኮ!

አንድ አባል፦ እሱ የባዮሎጂ ጥያቄ ነው።

መልስ፦ እንስራውን ወደ ላይ የያዘው ፎርስ ከመንገዱ ጋር 90 ዲግሪ ስለሆነ ወርኩ ዜሮ ነው። ጡንቻ ግን ሸክም ይዞ ለመቆየትም ኢነርጂ ያቃጥላል፤ ላቡ ከዚያ ነው። ወደ ቤት ሥራው እንመለስ።

ጥያቄ፦ ነገ ፈተና አለብን፣ ፎርሙላዎቹን ብቻ ላክልን።

መልስ፦ ፎርሙላው መጽሐፋችሁ ላይ አለ። ይልቅ ይቺን ሥሩ፦ ጆንያው 50 ኪሎ ነው፤ አይሱዙው ከቆመበት ተነሥቶ በ2 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር እየፈጠነ 9 ሜትር ሄደ። የፍሪክሽኑ ወርክ 900 ጁል ካልመጣላችሁ ሥዕላችሁን ላኩልኝ።