የፎርሙላ ዝርዝር ለጠየቁት እናት

እህቴ፣ የጻፉትን አነበብኩት። «ልጄ 10ኛ ክፍል ናት። የፊዚክስ ፎርሙላዎቹን አንድ ሳታስቀር ሸምድዳለች፤ ብጠይቃት ትመልሳለች። ፈተና ላይ ግን ከግማሽ በላይ አታመጣም። የቀራት ፎርሙላ ካለ ሙሉ ዝርዝሩን የሚልክልኝ አለ? ወይስ አስጠኚ ልቅጠርላት?» ነው ያሉት። እኔ እዚሁ ጎንደር፣ ከማራኪ እስከ አዘዞ ቤት ለቤት እየዞርኩ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ፊዚክስና ሒሳብ አስጠናለሁ። እርስዎ የገለጿትን ዓይነት ልጅ በየዓመቱ አገኛለሁ፤ አብዛኞቹ ጎበዞች ናቸው። መልሴ ረዘም ቢልብዎትም ይታገሱኝ።

ዝርዝሩን አልልክልዎትም፤ ልጅዎ አላት። የሌላት ከእያንዳንዱ ፎርሙላ ጋር አብሮ የሚሄደው ሁኔታ ነው። መጽሐፉ ፎርሙላውን ከማስቀመጡ በፊት «አክስለሬሽኑ (ፍጥነቱ በየሰከንዱ የሚለወጥበት መጠን) ካልተለወጠ»፣ «ፍሪክሽን (መፋተግ) ከሌለ»፣ «ቴምፕሬቸሩ (ሙቀቱ) ያው ከሆነ» የምትል ዐረፍተ ነገር አለችው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ልጆቹ እሷን ይዘሏትና ሣጥን ውስጥ ያለችውን ፎርሙላ ብቻ በቀይ እስክሪብቶ ገልብጠው ይሄዳሉ። ፈተና አውጪው ደግሞ ጥያቄውን የሚያወጣው ከተዘለለችው ዐረፍተ ነገር ነው።

ሽምደዳ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። የአብነት ተማሪ ንባቡን ሳይወጣ ትርጓሜ ቤት አይገባም፤ ንባቡን ስለተወጣ ብቻ ግን መምህር አይባልም። ልጅዎ ንባቡን ጨርሳለች፤ የቀራት ትርጓሜው ነው። እኔ የማስጠናቸው ልጆች ማንኛውንም ፎርሙላ ከመጻፋቸው በፊት አንድ ነገር እንዲጠይቁ አደርጋለሁ፦ እዚህ ጥያቄ ውስጥ ሳይለወጥ የቀረው ምንድን ነው?

ከሁሉ የሚያምታታቸው ኤሌክትሪክ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። ቮልቴጅ ኤሌክትሪኩን የሚገፋው፣ ከረንት የሚፈሰው መጠን፣ ሬዚስታንስ ፍሰቱን የሚያግደው፣ ፓወር ደግሞ ዕቃው በየሰከንዱ የሚበላው ኢነርጂ ነው። ዛሬ ማታ ልጅዎን «ሬዚስታንስ ሲጨምር ፓወር ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል?» ብለው ይጠይቋት። ሁለት ፎርሙላ በቃሏ ታውቃለች። አንደኛው «ፓወር = የከረንት ስኩዌር (ከረንት × ከረንት) × ሬዚስታንስ» ነው፤ ይጨምራል ይላል። ሁለተኛው «ፓወር = የቮልቴጅ ስኩዌር ÷ ሬዚስታንስ» ነው፤ ይቀንሳል ይላል። ሸምዳጅ ልጅ እዚህ ላይ እስክሪብቶዋን ታስቀምጣለች። ሁለቱም ግን ልክ ናቸው፤ ሁለቱም የሚወጡት «ፓወር = ቮልቴጅ × ከረንት» ከሚለው ላይ የኦምን ሕግ፣ ማለትም «ቮልቴጅ = ከረንት × ሬዚስታንስ»ን በማስገባት ነው። የትኛውን እንደምትይዝ የሚነግራት ያልተለወጠው ነገር ነው። ቤት ውስጥ ሶኬቶቹ በፓራለል (ጎን ለጎን) ስለተያያዙ ሁሉም ያንኑ 220 ቮልት ያገኛሉ፤ ስለዚህ ብዙ የሚበላው ሬዚስታንሱ ያነሰው ዕቃ ነው። በሲሪየስ (አንዱ ከሌላው ቀጥሎ) ሲያያዙ ደግሞ በሁሉም ውስጥ የሚያልፈው ከረንት አንድ ነው፤ ያኔ የበለጠ የሚሞቀው ሬዚስታንሱ የበዛው ነው።

በቤትዎ ምጣድ ያሳይዋት። 3,500 ዋት የተጻፈበት የኤሌክትሪክ ምጣድ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይስባል፤ ሬዚስታንሱም ወደ 14 ኦም ነው። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ሲያበራ ቮልቴጁ ወደ 180 ወረደ እንበል። የምጣዱ ፓወር ስንት ይሆናል? ብዙ ልጅ «ቮልቴጅ ሲቀንስ ከረንት ይጨምራል» ብሎ ይመልስልኛል። ምክንያቱም ምጣዱ ላይ የተጻፈው 3,500 የማይነካ ቁጥር ይመስለዋል። እሱ እኮ በ220 ቮልት ብቻ የሚሠራ ቁጥር ነው። ያልተለወጠው ጭቃው ውስጥ የተቀበረው ሽቦ ነው፤ ሽቦው ያው ከሆነ ሬዚስታንሱም ከሞላ ጎደል ያው ነው። ስለዚህ ሁለተኛውን ፎርሙላ እንይዛለን፤ ፓወሩ ወደ 2,340 ዋት ይወርዳል። ቮልቴጁ የቀነሰው አንድ አምስተኛ እንኳ ሳይሞላ ፓወሩ ሲሦውን አጣ፤ ስኩዌር ስላለበት። «እንጀራው ዓይን አላወጣ አለ» ብለው የተማረሩበት ምሽት ካለ ለልጅዎ ያስታውሷት፤ ይህን ስሌት ካየች በኋላ አትረሳውም።

በዚያው ምጣዱ የተሰካበትን ኤክስቴንሽን ትመልከት። ገመዱና ምጣዱ በሲሪየስ ናቸው፤ በሁለቱም ውስጥ ያው 16 አምፔር ያልፋል። ገመዱ ቀጭንና ረጅም ሆኖ ግማሽ ኦም ቢኖረው 16 × 16 × ½ = 128 ዋት እዚያው ገመዱ ላይ ይቀራል። ይህ ትንሽ ሙቀት አይደለም፤ ገመዱ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ ፕላስቲኩን ሊያቀልጠው ይችላል። ፈተና ላይ ባይመጣ እንኳ ይህን ልጆች ሁሉ ቢያውቁልን ደስ ይለኛል።

ወደ እንቅስቃሴ ስንመጣ ችግሩ ያው ነው። ከፒያሳ ወደ አዘዞ የሚሄድ ሚኒባስ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር እየነዳ ፍሬን ይዞ በ4 ሰከንድ ቆመ። ስንት ሜትር ሄደ? መጀመሪያ አሃዱን ታስተካክል፦ 36ን ለ3.6 ስታካፍል 10 ሜትር በሰከንድ ይመጣል። እዚህ ላይ «ርቀት = ፍጥነት × ጊዜ» ብላ 40 ሜትር የምትጽፍ ከሆነ ያ ፎርሙላ የሚሠራው ፍጥነቱ ሳይለወጥ ሲቀር ብቻ መሆኑን ዘንግታለች። እዚህ ጥያቄ ውስጥ ያልተለወጠው አክስለሬሽኑ ነው፤ በየሰከንዱ 2.5 ሜትር በሰከንድ ይቀንሳል። ስለዚህ አማካይ ፍጥነቱ 5፣ ርቀቱም 20 ሜትር ነው። ቀጥለው ፍጥነቱን እጥፍ፣ ማለትም 72 አድርገው ፍሬኑ ግን ያው ነው ብለው ይጠይቋት። ጊዜው እጥፍ፣ 8 ሰከንድ ይሆናል፤ ርቀቱ ግን አራት እጥፍ፣ 80 ሜትር ይደርሳል። ሹፌሩ ፍሬኑን መጀመሪያ ቀስ አድርጎ በኋላ ጠበቅ ካደረገውስ? ያኔ የሸመደደቻቸው የእንቅስቃሴ ፎርሙላዎች አንዳቸውም ለሙሉ ጉዞው አይሠሩም፤ ጉዞውን ለሁለት ከፍላ ለየብቻ መሥራት አለባት።

የኒውተን ሁለተኛ ሕግ፣ «ፎርስ = ማስ × አክስለሬሽን» (ፎርስ መግፋት ወይም መሳብ ነው፤ ማስ በኪሎ የሚለካው)፣ በጣም ቀላል ስለሚመስል ነው ልጅ የሚጥለው። እዚህ ያለው ፎርስ የሁሉም ፎርሶች ድምር፣ ኔት ፎርስ ነው። ያው ሚኒባስ በቀጥተኛ መንገድ በሰዓት 40 ላይ ፍጥነቱን ሳይለውጥ ሲሄድ ኔት ፎርሱ ስንት ነው? መልሱ ዜሮ ነው። ልጆች ይህን ሲሰሙ ይቆጣሉ፤ «ታዲያ ሞተሩ ምን ይሠራል?» ይላሉ። ሞተሩ ወደፊት የሚሰጠውን ያህል አየሩና ፍሪክሽኑ ወደኋላ ይስቡታል፤ ተቻችለው ነው። ልጅዎም ከተቆጣች ጥሩ ምልክት ነው። አንድ ጊዜ አንድ ተማሪ «ይህ ሕግ ለፈረንጅ መኪና የወጣ ነው» ብሎኝ ስቄያለሁ። ኒውተን ሕጎቹን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1687 ነው፤ የዛሬው ዓይነት መኪና ገና አልነበረም፣ እዚህ ጎንደር ላይ አድያም ሰገድ ኢያሱ ነግሠው ነበር።

ሳልረሳው፣ ክብደትና ማስ። ገበያ ላይ 20 ኪሎ የምንለው ማስ ነው። ክብደቱ ይህ ማስ በመሬት ስበት ሲባዛ ነው፤ 20 × 9.8 = 196 ኒውተን። ስበቱ ጎንደር ላይ 9.78 ገደማ ነው፤ ፈተናው 10 ተጠቀሙ ካለ 10 ትጠቀም፣ አትከራከር።

ኢነርጂ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከኤሌክትሪክ ቀጥሎ ልጆች የሚወዱት እሱ ነው። ጎንደር ውስጥ ጀሪካን ያልተሸከመ ልጅ ብዙ አይገኝም። 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ነው። ሦስተኛ ፎቅ፣ 9 ሜትር ከፍታ ላይ ብታወጣው ለውሃው የሰጠችው ፖቴንሻል ኢነርጂ (ከፍ በማለቱ ያገኘው ኢነርጂ) 20 × 9.8 × 9፣ ማለትም 1,764 ጁል ነው፤ ጁል የኢነርጂ መለኪያ ነው። አሁን ከዚያው ውሃ አንዷን ሊትር ብቻ ለሻይ ታፍላት። አንድ ኪሎ ውሃ ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ እንዲጨምር 4,200 ጁል ያህል ይፈልጋል። ከ20 ዲግሪ ተነስታ እስክትፈላ 73 ዲግሪ ትጨምራለች፤ 4,200 × 73 = 306,600 ጁል። ጀሪካኑን ከ170 ጊዜ በላይ ሦስተኛ ፎቅ እንደ ማውጣት ነው! ልጆች አያምኑኝም፤ ሁለቴ ያሰሉታል። ጀሪካኑን ሲያወጡ የሚደክማቸው ጡንቻቸው የሚያወጣው ኢነርጂ ውሃው ላይ ከሚደርሰው እጅግ ስለሚበልጥ ነው፤ አብዛኛው ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። «ሰባ ሦስት ከየት መጣ፣ ውሃ በ100 አይደል የሚፈላው?» ካለች ደግሞ ይበልጥ ይደሰቱ። 100 የሚሆነው በባሕር ጠለል የአየር ግፊት ነው፤ እኛ ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆንን እዚህ ውሃ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ባቄላ የሚያስቸግረንም ለዚህ ነው። ያልተለወጠውን መጠየቅ እዚህም ይሠራል፤ ግፊቱ ተለውጧል።

ከዚሁ ጋር ልጆችን የሚያናድደውን ልንገርዎት፦ ያንኑ ጀሪካን ይዛ ሜዳ ላይ በእኩል ፍጥነት ብትሄድ፣ ጀሪካኑን ወደ ላይ የያዘው ፎርስ የሠራው ሥራ ዜሮ ነው። «ሥራ = ፎርስ × ርቀት» የሚለው ርቀቱ በፎርሱ አቅጣጫ ሲሆን ነው። ፎርሱ ወደ ላይ ነው፣ ጉዞው ወደ ጎን።

የቀሩት ቀለል ይላሉ። ሞመንተም (ማስ × ፍጥነት) የሚጠበቀው፣ ማለትም ድምሩ የማይለወጠው፣ ከውጭ የሚገፋ ፎርስ ከሌለ ነው፤ ጎርጎራ ላይ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከቆመች 30 ኪሎ ታንኳ ላይ በ1 ሜትር በሰከንድ ወደፊት ቢዘል ታንኳዋ በ2 ሜትር በሰከንድ ወደኋላ ትሄዳለች፤ የውሃውን መጎተት ከተውነው ማለት ነው። የቦይል ሕግ (የታፈነ አየር ግፊቱ ሲጨምር መጠኑ ይቀንሳል የሚለው) የሚሠራው ቴምፕሬቸሩ ያው ሲሆን ነው። ደባርቅ ላይ የተጠጣ የሃይላንድ ጠርሙስ ክዳኑ ጠብቆ መተማ ሲደርስ የሚጨማደደው ቆላው ላይ የአየር ግፊቱ ስለሚበዛ ነው፤ የመተማ ሙቀት ግን ጥቂቱን መልሶ ይነፋዋል። ስለዚህ የቦይል ፎርሙላ ብቻውን የሚሰጠው መልስ ትንሽ ይስታል።

አስጠኚ ይቀጠር ወይ ላሉት፣ እንጀራዬ ቢሆንም አሁን አይቅጠሩ። መጀመሪያ ይህን ያድርጉ። ባዶ ደብተር ይግዙላትና የሸመደደቻቸውን ፎርሙላዎች አንድ በአንድ ትጻፍ፤ ከእያንዳንዱ ሥር በአማርኛ፣ በራሷ አነጋገር፣ መቼ እንደሚሠራና መቼ እንደማይሠራ ታስፍር። መጽሐፉን ከፍታ ትፈልግ፤ ሁሉም አለ። በአማርኛ መጻፍ ያልቻለችው ያልገባት ነው። እርስዎ ፊዚክስ ባይማሩም ያነበበችልዎት ነገር ስሜት ይስጥ አይስጥ መለየት አያቅትዎትም። ከዚያ ያለፈውን ፈተና ወረቀቷን ታምጣና የተሳሳተቻቸውን ብቻ እንደገና ትሥራ፦ ሥዕል፣ የተሰጠው ከነአሃዱ፣ ያልተለወጠው፣ ከዚያ ፎርሙላው። ቁጥር የሚገባው በመጨረሻ ነው፤ መልሱ ሲወጣም አሃዱን ትፈትሽ፤ ርቀት ተጠይቃ ሰከንድ ከመጣላት መንገዱ ላይ የሆነ ቦታ ተሳስታለች።

እንዲህ ሠርታም የማይወጣላት ጥያቄ ካለ ፎቶ አንስተው እዚሁ ይለጥፉት፤ ከሷ ሙከራ ጋር ይሁን እንጂ ባዶውን ጥያቄ አይላኩ። ማታ ማታ አያለሁ፤ መብራት ካለ።