የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ውሃ የማያስገባ የቪዲዮ ካሜራ

ጥያቄ፦ ልጆቼ ዋና እየተማሩ ነው። ገንዳው ዳር ቆሜም ሆነ ውሃ ውስጥ ገብቼ የምቀርጽበት አነስተኛ የቪዲዮ ካሜራ ልገዛ ነው። የአንዱ ካርቶን ላይ «አይፒ68»፣ የሌላው ላይ «እስከ 5 ሜትር» ይላል። የቱን ልውሰድ?

መልስ፦ ሁለተኛው ቢያንስ ቁርጡን ነግሮዎታል። «አይፒ» አቧራና ውሃ የመከላከል ደረጃ ነው፤ በ«አይፒ68» ውስጥ 6 አቧራ እንደማያስገባ ያሳያል፤ 8 ደግሞ ውሃ ውስጥ ተነክሮ መቆየት እንደሚችል ነው። ስንት ሜትር፣ ለስንት ደቂቃ የሚለውን የሚወስነው ግን አምራቹ ነው። መመሪያው ላይ ካልተጻፈ ይለፉት። «አይፒ67» ከሆነ ልኩ የታወቀ ነው፦ 1 ሜትር ለ30 ደቂቃ። ፈተናው የሚደረገው በረጋ ንጹህ ውሃ መሆኑንም አይርሱ፤ ካሜራውን ይዘው ዘለው ሲገቡ ጫናው ለቅጽበት ከፍ ይላል። ለመዋኛ ገንዳ 5 ሜትርና ከዚያ በላይ የሚችል ይበቃል።

ሱቅ ውስጥ ጊዜ ሊሰጡት የሚገባው ክዳኑ ነው። ውሃ የሚገባው በአብዛኛው ባትሪና ካርድ በሚከተትበት ክዳን በኩል ነው። ሲዘጋ እንዳይከፈት የሚይዝ ተጨማሪ መቆለፊያ ያለውን ይምረጡ። በጠርዙ ዙሪያ ያለውን ጎሚኒ ይዩት፤ የተሰነጠቀ ወይም የደረቀ ከሆነ ካሜራው አዲስ ቢመስልም አይውሰዱት። አንዲት ፀጉር ወይም የአሸዋ ቅንጣት ሥሩ ከገባች በቂ ክፍተት ትፈጥራለች፤ ስለዚህ ከመዝጋትዎ በፊት ሁልጊዜ ብናኝ በማይተው ጨርቅ ይጥረጉት። ብዙ አምራቾች ጎሚኒው ባይጎዳም በየዓመቱ እንዲቀየር ይመክራሉ። ባትሪው ከውስጥ የታሸገ ካሜራ የሚከፈት ቦታ ስለሚቀንስ ለውሃ ይመቻል፤ ባትሪው ሲደክም ግን እርስዎ ራስዎ አይቀይሩትም።

አሁን ወደ ሌንሱ። ጎፕሮን የመሰሉ ትንንሽ የስፖርት ካሜራዎች ውሃ ውስጥ ጎበዝ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ከወጣው ሂሮ5 ወዲህ አብዛኞቹ የጎፕሮ ሂሮ ሞዴሎች ያለ ውሃ መከላከያ መያዣ 10 ሜትር ይገባሉ። ግን የሌንስ ዙም የላቸውም፤ ገንዳው ዳር ቆመው ሲቀርጹ ልጅዎ ከሩቅ ነጥብ ይሆናል። ስለዚህ ለእርስዎ 4 ወይም 5 እጥፍ የሌንስ ዙም ያለው ይሻላል። «ዲጂታል ዙም» የሚለውን ከቁጥር አያስገቡት፤ ምስሉን ቆርጦ ማስፋት ብቻ ነው። የመቅረጫ ቁልፉም የሚጫኑት ይሁን፤ የንክኪ ስክሪን ውሃ ውስጥ አይታዘዝም። መስመጡ ስለማይቀር የሚንሳፈፍ የእጅ ማሰሪያ አብረው ይግዙ።

ጥያቄ፦ በ4ኬ (በከፍተኛው የምስል ጥራት) መቅረጽ ስጀምር ካሜራው ከጥቂት ሴኮንድ በኋላ በራሱ ያቆማል። ካርዱ አዲስ ነው፣ ባለ 128 ጊጋባይት።

መልስ፦ ችግሩ የካርዱ ትልቅነት ሳይሆን ፍጥነቱ ይመስላል። ካርዱ ላይ በትልቁ የሚጻፈው የማንበቢያ ፍጥነት ነው፤ ለቀረጻ የሚያስፈልገው የመጻፊያው ነው። «ቪ30» ወይም «ዩ3» የሚል ምልክት ይፈልጉ፤ ሁለቱም በሴኮንድ ቢያንስ 30 ሜጋባይት መጻፍ ማለት ናቸው። በሴኮንድ 100 ሜጋቢት (8 ሜጋቢት 1 ሜጋባይት ነው) የሚቀረጽ 4ኬ በሴኮንድ 12.5 ሜጋባይት፣ በደቂቃ 750 ሜጋባይት ይወስዳል፤ 64 ጊጋባይት 85 ደቂቃ ያህል ይይዛል። ምልክቱ ካለና አሁንም ካቆመ፣ ካርዱን ካሜራው ውስጥ ፎርማት ያድርጉት። ከዚያ እስኪሞላ ቀርጸው የመጨረሻውን ፋይል ያጫውቱ፤ አስመስለው የተሠሩ ካርዶች የሚጋለጡት እዚያ ላይ ነው። የሚያቆመው ከብዙ ደቂቃ በኋላ ከሆነና ካሜራው ከጋለ ግን ካርዱን አይክሰሱ፤ ሙቀት ነው። ለቤተሰብ ቪዲዮ በሴኮንድ 60 ፍሬም (ምስል) የሚቀረጽ፣ ከ4ኬ ዝቅ የሚል ፉል ኤችዲ ከበቂ በላይ ነው።

ጥያቄ፦ ካሜራውን ከውሃ ካወጣሁት በኋላ የሚቀርጸው ድምፅ የታፈነ ይሆናል። ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ አይመስለንም። የማይክሮፎኑ ቀዳዳ ላይ ውሃ ሲቀር ድምፅ ይታፈናል። ቀዳዳዎቹን ወደ ታች አድርገው ቀስ ብለው ያራግፉት፣ በጨርቅ ያድርቁትና ይጠብቁ። በመርፌ አይነካኩት፤ ከውስጥ ያለው ስስ ሽፋን ከተቀደደ ውሃ ማስገባት ይጀምራል። የፀጉር ማድረቂያም አይጠቀሙ፣ ሙቀቱ ጎሚኒውን ይጎዳል። ክሎሪን ወይም ጨው ያለው ውሃ ከሆነ ከማድረቅዎ በፊት፣ ክዳኑን ሳይከፍቱ፣ ንጹህ ውሃ ውስጥ 10 ደቂቃ ያህል ይዘፍዝፉት።