«ቶሌዶ ሄደሽ ተዝናናሽ» ተብዬ ተወቀስኩ

የተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፣

በማድሪድ ከተማ በነጻ የትምህርት ዕድል የሁለተኛ ዲግሪዬን የምማር ኢትዮጵያዊት ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ትዕግሥቴ ስላለቀ ነው። ባለፈው ወር ቅዳሜና እሑድን ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ቶሌዶ ሄጄ አሳለፍኩ። ቶሌዶ ታኾ የተባለው ወንዝ በሦስት አቅጣጫ የከበበው፣ በድንጋያማ ኮረብታ ላይ የተሠራ እጅግ የሚያምር ጥንታዊ ከተማ ነው። ባቡሩ በግማሽ ሰዓት ገደማ ያደርሳል፤ እኛ ግን ርካሽ ነው ብለን በአውቶቡስ ሄድን። ያደርነው ተደራራቢ አልጋዎች ባሉበት የጋራ ክፍል ውስጥ ነው፤ ምሳዬንም ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል ከቤት ይዤ ሄድኩ። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ወንድሜ የተናገረኝ ቃል ምን ያህል ግፍ እንደሆነ እንዲረዱልኝ ነው።

ከወንዙ ማዶ ካለው ከፍታ ላይ ሲቆሙ አልካሳር የሚባለው ምሽግና የካቴድራሉ ግንብ፣ ከተማውም በሙሉ ከፊት ለፊት ይታያሉ። እዚያ ቆሜ ጓደኛዬ ፎቶ አነሣችኝ። የለበስኩት ቀይ ካፖርት እንኳ የእርሷ ነው። ደስ ይላቸዋል ብዬ ፎቶውን በቤተሰባችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፍኩት። አባታችን ካረፈ በኋላ ቤቱን ያስተዳደረውና እኔንም ያስተማረኝ ታላቅ ወንድሜ ወዲያው እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «እኛ እዚህ የቤት ኪራይ ጨምሮብን መግቢያ አጥተናል፤ አንቺ ሀገር ለሀገር እየዞርሽ ትዝናኛለሽ። የሄድሽው ለትምህርት መስሎኝ ነበር።» አክስቴም «እውነት ነው» የሚል አከለችበት። ፎቶውን አጠፋሁት። ወንድሜም «ያጠፋሽው ጥፋትሽን ብታውቂ ነው» አለኝ።

በየወሩ ሳላስተጓጉል 250 ዩሮ የምልክ ሰው ነኝ። እኔ ተዝናንቼ የማውቀው መቼ ነው? ለነገሩ ካቴድራሉ ውስጥ እንኳ አልገባሁም፤ ጓደኞቼ ትኬት ሲቆርጡ ራሴን አሞኛል ብዬ ፊት ለፊት ያለው አደባባይ ላይ ጠበቅኋቸው፤ ይህ ግን ይህን ያህል የሚወራ ነገር አይደለም። እናቴ በግሩፑ ላይ ምንም አላለችም። ማታ ስትደውልልኝ «እዚያ ያለው ቤተ ክርስቲያን እንዴት ነው?» ብላ ጠየቀችኝና የምመልሰው ስላጣሁ ወሬ ቀየርኩ። እኔን የሚያንገበግበኝ የወንድሜ ቃል ነው። ሌሎቹ ተማሪዎች በየሳምንቱ ሲጓዙ «አይዟችሁ፣ እዩ» የሚላቸው ቤተሰብ አላቸው፤ እኔ ግን በአንድ ፎቶ ምክንያት እንደ ወንጀለኛ ተቆጠርኩ። እንዲህ ያለ ቃል ከማንም ቢመጣ እችለው ነበር፤ ከእርሱ ግን አልጠበቅሁም።

በመጨረሻ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ወንድሜ ከመጪው ወር ጀምሮ የምልከውን ወደ 400 ዩሮ ከፍ እንዳደርገው ጠይቆኛል። የማገኘው አበል በወር 1,400 ዩሮ ሲሆን ለምኖርባት ክፍል ኪራይ 600 እከፍላለሁ፤ ስንት እንደማገኝ ግን ለቤተሰቤ ተናግሬ አላውቅም። ማታ ማታ ምግብ ቤት ውስጥ ሰሃን የማጠብ ሥራ ፈልጌ ልላክለት ወይስ አልችልም ልበለው? ጓደኞቼ በግንቦት ወደ ኮርዶባ ሊሄዱ ነው፤ እኔ መቅረት ያለብኝ ይመስለኛል።

ስሜ ይቆይልኝ፣ ከማድሪድ


መልስ

እኅቴ፣

ስለ ወንድምሽ ቃል ብዙ ጽፈሽልኛል፤ እኔን ያስቆመኝ ግን «የሚወራ አይደለም» ብለሽ ያለፍሽው ነገር ነው። አውቶቡስ ተሳፍረሽ፣ አቀበቱን ወጥተሽ፣ ካቴድራሉ ደጃፍ ከደረስሽ በኋላ ከአሥር ዩሮ ጥቂት ለሚበልጥ መግቢያ ስትዪ የሌለ ሕመም አውርተሽ ውጭ ቀረሽ። በዚያች ሰዓት ወንድምሽ አንድም ቃል አልጻፈልሽም ነበር። የከለከልሽ አንቺው ራስሽ ነሽ። ስለዚህ እርሱ ነገ ደውሎ ይቅርታ ቢጠይቅሽ እንኳ፣ ይህን ነገር ከሥሩ ካልፈታሽው በስተቀር ኮርዶባም ደጃፍ ላይ እንደገና ራስሽን ያምሻል ብዬ እሰጋለሁ። ባላገኘሽው ደስታ ስትወቀሺ ዝም ማለትሽና ፎቶውን ማጥፋትሽ ደግሞ ከወቀሳው ይልቅ አሳዝኖኛል።

እናትሽ የጠየቀችሽ ጥያቄ መልስ ነበረው። ካቴድራሉ ግንባታው እ.ኤ.አ. በ1226 ተጀምሮ በ1493 የተፈጸመ ነው፤ ከዋናው መሠዊያ በስተኋላ የ18ኛው መቶ ዘመን ባለሙያዎች ጣሪያውን ሰንጥቀው የፀሐይ ብርሃን በቀጥታ እንዲወርድ ያደረጉበት ቦታ አለ። ከዚያ ጥቂት ደቂቃ ቢራመዱ ሳንቶ ቶሜ የምትባል ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ትገኛለች፤ በእርሷም ውስጥ ከቀርጤስ ደሴት የመጣው ሠዓሊ ኤል ግሬኮ የኦርጋዝን ባላባት ቀብር የሣለበት ታላቅ ሥዕል አለ። ታሪኩ ባላባቱ ሲቀበር ቅዱስ እስጢፋኖስና ቅዱስ አውግስጢኖስ ከሰማይ ወርደው በእጃቸው ወደ መቃብሩ አወረዱት ይላል። ቀርበሽ ብታዪው በእስጢፋኖስ የወርቅ ልብስ ላይ፣ በጥልፍ መልክ፣ የራሱ በድንጋይ መወገር ተሥሏል። እናትሽ ይህን ብትነግሪያት ስንት ቀን ስታወራው እንደምትከርም አንቺ ከእኔ ይልቅ ታውቂያለሽ።

ያ ሥዕል የተሠራበት ምክንያትም ከአንቺ ጉዳይ ጋር ይገናኛል። ባላባቱ የኦርጋዝ ነዋሪዎች በየዓመቱ ለዚያች ቤተ ክርስቲያን በግ፣ ዶሮ፣ የወይን ጠጅ፣ ማገዶና ገንዘብ እንዲሰጡ ተናዞ ነበር። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ነዋሪዎቹ አንከፍልም አሉ፤ የደብሩ አለቃ ከሰሷቸውና እ.ኤ.አ. በ1569 ተፈረደላቸው፤ ከዚያም በ1586 ኤል ግሬኮን ቀጥረው ሥዕሉን አሠሩ። በዚያ ክርክር የተረቱት ሰዎች እንኳ በዓመት ስንት በግና ስንት ዶሮ እንደሚጠበቅባቸው ያውቁ ነበር፤ በኑዛዜው ላይ በቁጥር ሰፍሯልና። በአንቺና በወንድምሽ መካከል ግን ምንም የሰፈረ ነገር የለም። አንቺ ስንት እንደምታገኚ አልተናገርሽም፣ እርሱም ስንት ቢጠይቅ ልክ እንደሚሆን አያውቅም፤ እንዲህ ሲሆን ጥያቄው 400 ላይ የሚቆምበት ምክንያት አይኖርም።

እዚህ ላይ በአንቺም እቆጣለሁ። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬውን ተመን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ አንድ ዩሮ በብር ሲመነዘር ምን ያህል እንደሚሆን ወንድምሽ በየወሩ በዓይኑ ያያል። 250 ዩሮ በብር ስትቆጠር ለእርሱ ትልቅ ገንዘብ ናት፤ ይህን ያህል የምትልክ እኅት ስንት ታስቀር ይሆን ብሎ ቢገምት አይፈረድበትም። የማድሪድ አንዲት ጠባብ ክፍል 600 ዩሮ እንደምትበላ ማን ነገረው? በተበደርሽው ካፖርት ፎቶ ተነሥተሽ ስትልኪለት፣ ካፖርቱ የሰው መሆኑን ለእኔ እንጂ ለእርሱ አልነገርሽውም።

ይህን ካልኩ በኋላ ግን ሚዛኔ ወደ አንቺ ያደላል፤ ይህንንም አልደብቅም። ወንድምሽ ባለውለታሽ ነው፤ ያሳደገ ሰው የተቸገረ ዕለት እጁን ቢዘረጋ ነውር የለበትም። ነውሩ በቤተሰብ ፊት፣ አክስት በሚያነብበት ቦታ፣ ታናሽ እኅቱን ማዋረዱ ነው። «የሄድሽው ለትምህርት መስሎኝ ነበር» ያለው ቃልም ስሕተት ነው። የሚኖርበትን ሀገር ሳያይ፣ ከቤተ መጻሕፍትና ከመኝታ ክፍሉ ሳይወጣ ዲግሪውን ይዞ የሚመለስ ሰው ግማሹን ትምህርት ትቶ ተመልሷል ብዬ አምናለሁ። ቶሌዶ ራሷ የዚህ ምስክር ናት፤ በ12ኛው መቶ ዘመን የክሬሞናው ጄራርድ ከጣሊያን ተነሥቶ ወደዚያች ከተማ የሄደው የበጥሊሞስን የሥነ ፈለክ መጽሐፍ ፍለጋ ነበር፤ ዐረብኛ ተምሮም እ.ኤ.አ. በ1175 ወደ ላቲን መልሶ ፈጸመው። አንቺ በአደባባዩ ተቀምጠሽ ጓደኞችሽን ስትጠብቂ ዙሪያሽን የነበረው ከተማ እንዲህ ያለ ነው።

ሰሃን ማጠቡን እርሺው። ከ1,400 ላይ ኪራዩንና የምትልኪውን ስቀንስ 550 ዩሮ ይቀርሻል፤ በእርሱ ትበያለሽ፣ ትጓጓዣለሽ፣ መጽሐፍ ትገዢያለሽ። የተጠየቅሽውን ብትልኪ 400 ይሆናል። ያን 150 ዩሮ ለማምጣት ሌሊቱን በእንፋሎት ውስጥ ቆመሽ አድረሽ ጠዋት ክፍል ስትገቢ፣ ፈተና ብትወድቂ፣ ወንድምሽም እናትሽም የሚያጡት ያንኑ 250 ጭምር ነው። ደግሞም የትምህርት ዕድሉ የጊዜ ገደብ አለው፤ ገንዘቡ የሚቆምበት ቀን ሲደርስ ለቤተሰብሽ ዱብ ዕዳ ሊሆንባቸው አይገባም።

ስለዚህ ለወንድምሽ በግሩፑ ላይ ሳይሆን ለብቻው እንዲህ ብለሽ ጻፊለት፦ «ጋሼ፣ በወር የማገኘው 1,400 ዩሮ ነው። 600 ለኪራይ እከፍላለሁ፣ 250 ለእናንተ እልካለሁ፣ በቀረው እኖራለሁ፣ እማራለሁ። ከ250 በላይ መጨመር አልችልም። ትምህርቴ ሲያልቅ አበሉ ይቆማል፤ ከአሁኑ እንድታውቀው ብዬ ነው።» ስለ ቶሌዶ አንድም ቃል አትጨምሪ፤ ይቅርታም አትጠይቂ፤ ከኪስሽ ወጥቶ ስለተበላው እንቁላልና ዳቦ ማስረጃ አታቅርቢ። ቢቆጣ ይቆጣ። ቁጥሩን ካወቀ በኋላ የሚቆጣው ቁጣ ሌላ ዓይነት ነው፤ ብዙ ጊዜም አይቆይም።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ቅዳሜ ብቻሽን ወደ ቶሌዶ ተመለሺ። የኤል ግሬኮ ሙዚየምና የጥንቱ የትራንሲቶ ምኵራብ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላና እሑድ በነጻ ይጎበኛሉ፤ ስለዚህ ገንዘብሽን ለካቴድራሉና ለሳንቶ ቶሜ አስቀሪው። ገብተሽ እስኪበቃሽ ቆዪ፤ ስትወጪም ለእናትሽ ደውለሽ የጠየቀችሽን መልሺላት።

ኮርዶባም ሂጂ። እ.ኤ.አ. በ785 መሠራት የጀመረው፣ በ1236 ወደ ቤተ ክርስቲያን የተለወጠው ታላቁ መስጊድ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ማለዳ ላይ ለአንድ ሰዓት ያህል ያለ ክፍያ ያስገባል፤ ቀይና ነጭ ቅስቶቹን የጎብኚ ሰልፍ ሳይበዛ ለማየትም የሚሻለው ያ ሰዓት ነው። ለወንድምሽ የምትጽፊውን መልእክት ከዚህ ጉዞ በፊት ላኪው፤ የኮርዶባውን ፎቶ ስትመለሺ በዚያው በቤተሰባችሁ ግሩፕ ላይ ለጥፊው፤ ማንም ምንም ቢጽፍ አታጥፊው።